ሞተሩ የጠየቀው ቁጥር

በኮሎራዶ ማደያዎች ፓምፕ ላይ ሦስት ቢጫ ምልክቶች ጎን ለጎን ተለጥፈው ይታያሉ፤ 85፣ 87፣ 91። ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋውም አብሮ ይጨምራል። ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በኦሮራ ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሠፈር ባለ አንድ ማደያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ፣ ወገኖቼ በመስኮቱ ብቅ እያሉ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ለዚህ መኪና የትኛው ይሻላል?»

መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ኤስዩቪ ነው። እዚህ በረዶ አለ፣ ተራራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት አሉ። ኑሮው ትንሽ የተደላደለለት ሁሉ ከፍ ያለ መኪና ይገዛል። መኪናውን ሲገዛ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ወር ክፍያው ብዙ ይመክራል። ስለሚጠጣው ነገር ግን የሚነግረው ሰው የለም፤ ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ሦስት ቁጥር ሲያይ ነው ግር የሚለው።

እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። እኛ ዘንድ ማደያ በር ላይ የሚጠየቀው «አለ ወይስ አልቋል?» ነበር። ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ ናፍጣም ናፍጣ ነው። ሰልፉ አልቆ ተራ ከደረሰ የሚቀዳው ያው የተገኘው ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ከሦስት ዓይነት ቤንዚን መምረጥ የሚባል ነገር በሐሳባችንም አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ» እላለሁ። ይህንን ማለት ቀላል አልነበረም። ነዳጅ እየሸጡ ስለ ነዳጅ አላውቅም ማለት ያሳፍራል። እውነቱ ግን ያ ነበር።

ነገሩን እስከ ሥሩ እንዳጣራ ያስገደዱኝ አንዲት እናት ናቸው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ። የቀኑን ሥራ ጨርሰው የሌሊቱን ሊገቡ ሲሉ ነው ወደ እኛ የሚመጡት። ቶዮታ ራቭ ፎር ይነዳሉ፤ ባለ 2.5 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ተራ ሞተር። ሁልጊዜ የሚጫኑት 91ን ነው። አንድ ምሽት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና እግሬ ናት» አሉኝ። «እኔ የቀረውን እበላለሁ፤ ለሷ ግን ጥሩውን ነው የማጠጣት።»

ይህ አባባላቸው አንጀቴን በላው። ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ ሳይሞላ ሲቀር እንዴት እንደሚጨነቁ አውቃለሁ፤ ለእህታቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚልኩ ነግረውኛል። በየሳምንቱ በዚያ ቁልፍ ላይ የሚጨምሩት ገንዘብ ለመኪናዋ የሚሰጠው ጥቅም አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ይክፈሉ፤ ደግ አደረጉ። ከሌለ ግን አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል። ያ ሰው ደግሞ በመስኮቱ ወዲህ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

ጎሕ ሲቀድ ለቡና ጎራ የሚሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በወጣትነታቸው መርካቶ ሱማሌ ተራ አጠገብ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህም በአንድ ጋራዥ ይሠራሉ። ጥያቄዬን አቀረብኩላቸው።

«የብስክሌት ጎማ ነፍተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መንፊያው ጫፉ ላይ አይግልም?»

«ይግላል።»

«በቃ። አየር ሲጨመቅ ይግላል። ሞተር ውስጥም ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩንና ቤንዚኑን አንድ ላይ ይጨምቀዋል። እዚያ ላይ ካንዴላው ብልጭ ሲል ነው እሳቱ መነሣት ያለበት። ሙቀቱና ግፊቱ ከበዛ ግን ቤንዚኑ ተራውን አይጠብቅም። ከካንዴላው እሳት ራቅ ብሎ ያለው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ነው ሞተሩ ኳ ኳ ኳ የሚለው። ፒስተኑን የምትቀጠቅጠው በዚያ ነው።»

ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የሚለካው ይህንን ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይጠራው በራሱ ላለመፈንዳት ምን ያህል እንደሚችል። ጉልበቱን አይለካም፣ ንጽሕናውንም አይለካም። የ91 ቤንዚን አንድ ሊትር ከ87ቱ አንድ ሊትር የበለጠ ኃይል ቋጥሮ አልመጣም። ይህንን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። እኔና ደንበኞቼ ቁጥሩን እንደ ማዕረግ ነበር የምናየው፤ ከሦስቱ የመጨረሻው የጌታ፣ የመጀመሪያው የድሃ።

የቁጥሩን አመጣጥ ኋላ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1926 ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን መለኪያ አድርጎ አቀረበ። አይሶኦክቴን በቀላሉ በራሱ አይፈነዳም፤ 100 ተሰጠው። ሄፕቴን ደግሞ ትንሽ ሲጨመቅ ይፈነዳል፤ ዜሮ ተሰጠው። 87 ማለት እንግዲህ በመለኪያ ሞተር ላይ ሲሞከር 87 እጅ አይሶኦክቴንና 13 እጅ ሄፕቴን ካለበት ድብልቅ ጋር እኩል የሚታገሥ ቤንዚን ማለት ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያን ያህል አይሶኦክቴን አለ ማለት አይደለም።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ፣ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ ቤንዚን ላይ ቢጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ የሰው ልጅ ግን ለዚያ ጸጥታ በጤናው ከፈለ። በ1924 ውሕዱን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ፤ እንዲያም ሆኖ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በመላው ዓለም ለአሥርት ዓመታት ተሸጠ። አሜሪካ ከመንገድ መኪኖች ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ1996 ነው። ለመኪና መሸጡን መጨረሻ ያቆመችው አገር አልጄሪያ ስትሆን፣ ያም በ2021 ነበር። እኛ ልጆች ሆነን በአውቶቡስ ጭስ ውስጥ ስንሮጥ የኖርን ሰዎች ይህንን ስናነብ ዝም ብለን አናልፈውም። ኦክቴንን ከፍ ለማድረግ ዛሬ የሚጨመረው ሌላ ነው፤ ከነዚህም አንዱ ኤታኖል ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ኤታኖል አዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ ነበር።

ወደ እኚያ እናት፣ ወደ እትዬ መኪና ልመለስ። መካኒኩን አንድ ነገር አስቸገራቸው። በእሳቸው ዘመን የነበረው ደንብ ግልጽ ነበር፤ ሞተሩ አብዝቶ የሚጨምቅ ከሆነ ከፍተኛ ኦክቴን ይፈልጋል፣ ካልሆነ አይፈልግም። የ2019 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት የራቭ ፎር 2.5 ሊትር ሞተሮች አየሩን 13 እጥፍ ይጨምቃሉ፤ ሃይብሪዱ 14 እጥፍ። በድሮው ደንብ ቢሆን ይህ የእሽቅድምድም መኪና ጭመቃ ነው፤ 91ም ላይበቃው ይችል ነበር። «የመኪናዋን መጽሐፍ አምጣልኝ» አሉኝ።

መጽሐፉን ከእትዬ ተዋስኩ፤ ከመኪናው ጓንት ኪስ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ወጣ። በ87 ይሠራል ይላል። እንዴት? መካኒኩም እኔም የተማርነው ያን ሌሊት ነው። አዲሱ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ መርጨት ይችላል። ቤንዚኑ እዚያው ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የአየር ማስገቢያ ቫልቩም የሚዘጋበትን ጊዜ ኮምፒውተሩ እያዘገየ ጭመቃውን ያለዝበዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 13 ለ1 የተባለው በሥራ ላይ ያን ያህል አይከብድም። የሞተሩን ኃይል በዓይን አይቶ፣ የመኪናውን ግዝፈት ገምቶ፣ የዋጋውን ውድነት አስቦ ኦክቴን መወሰን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያውቀው ሞተሩን የሠራው ሰው ነው። እሱም ጽፎታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በነዳጅ መክደኛው ውስጠኛ በኩል።

እትዬ በማግስቱ ሲመጡ መጽሐፉን ገልጬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ገጹን አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ሐዘን ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስከፍል የኖርኩት ለምንድን ነው?»

«እትዬ፣ መኪናዋን አልጎዳትም። ግን አልጠቀማትም።»

«እና ምን ላድርግላት?»

ይቺ ጥያቄ ዛሬም ልቤ ውስጥ አለች። ሰው መኪናውን ሲወድ፣ ፍቅሩን የሚያደርስበት መንገድ ይፈልጋል። 91ን መጫን ቀላሉ መንገድ ነበር። እኔም ከመካኒኩ የሰማሁትን ነገርኳቸው፤ ዘይቱን በጊዜው መቀየር፣ የአየር ማጣሪያውን ማየት፣ የጎማውን ንፋስ መለካት። ስለ ጽዳት ከሆነ የሚጨነቁት ደግሞ፣ ቤንዚን ውስጥ ሞተር የሚያጸዳ ቅመም የሚጨመረው በሁሉም ቁጥር ላይ ነው። በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ከሕጉ ከፍ ያለ የጽዳት መስፈርት አወጡ፤ ቶፕ ቲር ይባላል። መስፈርቱን የተቀበለ ማደያ በርካሹም በውዱም ቤንዚን ላይ ማሟላት አለበት። ምልክቱ ፓምፑ ላይ ይለጠፋል። ለሞተር ንጽሕና የሚያስብ ሰው ያንን ምልክት ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሳያስፈልግ ውዱን የሚቀዱት እትዬ ብቻ እንዳልሆኑ ኋላ አነበብኩ። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ለተራ ቤንዚን በተሠሩ መኪኖች ላይ ውዱን የሚቀዱ አሜሪካውያን በዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያለ ጥቅም እንደሚያወጡ ገምቷል። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ስንቱ የሌሊት ሠራተኞች እንደሚሆን አስባለሁ።

ይህንን ካወቅሁ በኋላ ለሁሉም «ርካሹን ቅዱ» ማለት በቂ ይመስል ነበር። የመስኮቱ ሥራ ግን ሁለተኛውን ወገን ወዲያው አሳየኝ።

ከአየር ማረፊያ መንገደኛ እየጫነ በበረዶ ላይ ወደሚንሸራተቱባቸው የተራራ ከተሞች የሚያደርስ አንድ ወጣት ነበር። ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ቱርቦ ያለው ኤስዩቪ ይዟል፤ የኩባንያውን ስም እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ዘወትር የሚቀዳው 85 ነው። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹም ይሄንኑ አይደል የሚቀዱት?» ይለኛል። ዳገት ላይ መኪናው እንደ ደከመበት፣ ሙሉ ሰው ጭኖ ቤንዚን ሲሰጠው ከሞተሩ ደረቅ የመንኳኳት ድምፅ እንደሚሰማ ሲነግረኝ ደነገጥኩ።

85 እዚህ የሚሸጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የድሮ ካርቡራተር ያለው ሞተር ይህንን የሳሳ አየር ሲስብ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ያንሳል፤ ግፊት ካነሰ ማንኳኳትም ያንሳል። ስለዚህ በደጋ አገር ዝቅተኛ ኦክቴን ይበቃ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ላይ ናት። አሮጌዎቹ ላዳዎቻችንና ፔጆዎቻችን በተገኘው ቤንዚን ሳያንኳኩ የኖሩት፣ የከተማዋ ከፍታ አንዱ ውለታ ይመስለኛል።

ቱርቦ ግን ይህንን ሒሳብ ያፈርሰዋል። የቱርቦ ሥራው የሳሳውን አየር መልሶ ማፈግ ነው። ወጣቱ ተራራ ላይ ቢሆንም ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ጠረፍ ላይ እንዳለ መኪና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ላይ የዳገቱን፣ የሰባት ሰውና የሻንጣ ክብደቱን ጨምሩበት። ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና 70 አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ 3,400 ሜትር ያህል ይወጣል። ያንን ዳገት በ85 ቱርቦ መውጣት ለሞተሩ ከባድ ፈተና ነው። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መመሪያም ለአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች 85ን አይመክርም፤ አንዳንድ አምራቾች በደጋ አገር የሚሸጠውን ይህንኑ ነዳጅ ለይተው በመጽሐፋቸው ይከለክላሉ። የወጣቱ መጽሐፍ ከከለከሉት አንዱ ነበር፤ ትንሹ 87፣ ከባድ ጭነት ሲኖር ደግሞ 91 ይሻላል ይላል።

መካኒኩ መኪናውን አዩለት። ፒስተኑ ደኅና ነበር። ዘመናዊ ሞተር ላይ ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ ሴንሰር አለ፤ ድምፁን ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገየዋል። ሞተሩ ይድናል፤ ጉልበቱና የነዳጅ ቁጠባው ግን ይቀንሳል። ልጁ ዳገት ላይ ያጣው ጉልበት በዚህ የሄደ ነው። «ሴንሰሩ ያድንሃል ብለህ እንዳትተኛ» አሉት መካኒኩ። «ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀን እሱም አይደርስልህም።» የቀረው 85 ሲያልቅ 91 ሞላበት፤ ድምፁ ጠፋ። በሳምንቱ ሲመጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር። «በሊትር ብዙ ከፈልኩ፣ በኪሎ ሜትር ግን ያን ያህል አልጎዳኝም» አለኝ። ያን ዕለት ያየሁት ደስታ ከእትዬ ሐዘን ጋር አብሮ ነው የተቀመጠልኝ። እሳቸው ሳያስፈልጋቸው አብዝተው ከፈሉ፤ እሱ ሊከፍል የሚገባውን ቆጠበ። ሁለቱም የሚሮጡት ለቤተሰባቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው «የየትኛው ዓመት ነው? ሞተሩ ስንት ሊትር ነው? ቱርቦ አለው?» እያልኩ በጥያቄ ሆነ። የመኪናው ስም ብቻውን አይበቃም። የጂፕ ግራንድ ቸሮኪን ውሰዱ፤ ከ2012 እስከ 2021 በነበረው ሞዴል አንድ ዓይነት አካል ውስጥ የተለያዩ ሞተሮች ይገኛሉ፤ ሦስቱን ልጥቀስ። ባለ 3.6 ሊትሩ ቪ6 87 ይበቃዋል። ባለ 5.7 ሊትሩ ሄሚ በ87 ቢሠራም የሚመከርለት 89 ነው። ለባለ 6.4 ሊትሩ የተጻፈው 91 ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው፤ ፓምፑ ጋ ሲደርሱ ግን ሦስት መንገድ ይይዛሉ።

ሌክሰስ አርኤክስ 350 ደግሞ ብዙ ወገኖቼን ያሳስታል። ሐበሻ ይወደዋል፤ ለሠርግም ለቤተ ክርስቲያንም ይሆናል። ከ2016 እስከ 2022 የነበረው ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሲሆን፣ ሌክሰስ ነኝ ብሎ ሳይኮራ 87 ይጠጣል። በ2023 የመጣው ግን ስሙን ሳይቀይር ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር ቱርቦ ቀየረ፤ እሱ የሚጠይቀው 91 ነው። አሮጌውን ሸጦ አዲሱን የገዛ ሰው «ያው አርኤክስ ነው» ብሎ በለመደው ቢቀጥል አይፈረድበትም፤ ከኋላው የተጻፈው ቁጥር አሁንም 350 ነው። ይባስ ብሎ ተመሳሳይ 2.4 ሊትር ቱርቦ የተገጠመለት ቶዮታ ሃይላንደር በ87 እንዲሄድ ተስተካክሏል። ብረቱ ተቀራራቢ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተማረው ግን የተለያየ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለ፣ እሱንም ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። «ግዴታ ነው» ካለ ክርክር የለም፤ የተባለው ይቀዳል። «ይመከራል» ካለ ግን ምርጫው የባለቤቱ ነው። ለዚህ ማዝዳ ሲኤክስ-5 ባለ ቱርቦው ጥሩ ምሳሌ ነው። አምራቹ ራሱ በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የ2022ቱ ሞተር በ93 ሲሄድ 256፣ በ87 ሲሄድ 227 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሁለቱም ሞተሩን አይጎዱም። በከተማ መብራት ላይ እየቆመ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ያችን 29 የፈረስ ጉልበት የትም አያገኛትም። ተጎታች የሚስብ ወይም ተራራ የሚወጣ ግን ያውቃታል። ይመከራል ለሚል መኪና እኔ የምናገረው ይህንን ነው፤ በጋ ሲሆን፣ ጭነት ሲኖር፣ ዳገት ሲበዛ ከፍ አድርግ፤ በሌላው ጊዜ ኪስህን አዳምጥ።

ስለ ቁጥሮቹ ስንነጋገር ዱባይ የሚኖረው ወንድሜ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ተገረመብኝ። «እኛ 95 እና 98 ነው የምንቀዳው፤ እናንተ አሜሪካ ሆናችሁ 87?» አለኝ። ለአሜሪካ ያዘነላት መሰለኝ። ልዩነቱ ግን የመለኪያው ነው። ኦክቴን የሚለካባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ሮን የሚባለው ሞተሩን በደቂቃ 600 ዙር እያዞረ በቀላል ሁኔታ ይለካል። ሞን የሚባለው በ900 ዙር፣ በበለጠ ሙቀት ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል። ባሕረ ሰላጤውና አውሮፓ ፓምፕ ላይ የሚለጥፉት ሮንን ሲሆን፣ አሜሪካ የሁለቱን አማካይ ትለጥፋለች። የዱባይ 95 ከእኛ 91 ጋር ይቀራረባል፤ የዱባይ 91 ደግሞ ከእኛ 87 ጋር። ይህ ለአገር ቤትም ጉዳይ ነው፤ ብዙ ኤስዩቪ በዱባይ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገብቷልና። መክደኛው ላይ 95 የሚል የተጻፈበትን መኪና የገዛ ሰው፣ ያ ቁጥር በሮን የተነገረ መሆኑን ቢያውቅ ከአሜሪካ ዘመዱ ጋር ሲነጋገር አይምታታበትም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። በዚህ ግዛት 85ን መጀመሪያው ቁልፍ ላይ አስቀምጦ፣ በአብዛኛው ዘመናዊ መኪና መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ቁጥር መሆኑን ሳይናገር መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም። ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ የመጣ ወገናችን እዚያ የመጀመሪያው ቁልፍ 87 ስለነበር፣ እዚህም ቁጥሩን ሳያይ የመጀመሪያውን ይጫናል። 85 የሞላ ሰውም በማግስቱ ወደ ካንሳስ ሜዳ ቁልቁል ሊነዳ ይችላል፤ አየሩ እየወፈረ፣ ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ያ ቤንዚን በከፍታ የነበረውን ይቅርታ ያጣል። በገዛ እጄ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ለመለጠፍ አለቃዬን ጠይቄ ነበር። ፈቀደልኝ። «የመኪናዎን መጽሐፍ ይመልከቱ፤ 87 ካለ 85 አይቅዱ» የሚል ነበር። ሰው ቆሞ ያነበዋል፤ ይጠይቀኛል።

ተሳስቶ የቀዳ ሰው ሲደውልልኝ አላስደነግጠውም። 91 ለሚመከርለት መኪና አንድ ጊዜ 87 ቢገባ፣ ፔዳሉን ቀስ ብሎ እየረገጠ፣ ዳገት ላይ ሳያስጨንቀው ይነዳና ግማሽ ሲደርስ ከፍተኛውን ይጨምርበታል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ቁጥሩም መሐል ላይ ይገናኛል። መንኳኳቱ የማይተው ከሆነ ወይም የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ወደ መካኒክ ነው።

እትዬ ዛሬ 87 ይቀዳሉ። ነዳጅ ነክ ጥያቄ ሁሉ ግን በእሳቸው በኩል ወደ እኔ ይመጣል። በቅርቡ ሌሊት ደወሉልኝ፤ አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ በናፍጣ የሚሄደውን የመሥሪያ ቤቱን ላንድክሩዘር ማደያ ወስዶ ቤንዚን ተቀድቶለታል።

«አስነሣው ወይ?» አልኳቸው።

«አላስነሣም፤ እዚያው ቆሟል።»

«በፍጹም ቁልፉን እንዳያዞር ይንገሩት። መኪናውን ገፍተው ጥግ ያስይዙት።»

ናፍጣ የራሱ መለኪያ አለው፣ ሴቴን ይባላል፤ ከኦክቴን ጋር ተቃራኒ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ሲጨመቅ በራሱ ቶሎ የሚነድ ነዳጅ ነው የሚፈልገው። ቤንዚን ውስጥ እንደ ጥሩ ነገር የምንገዛው ትዕግሥት እዚያ ሲሄድ ጉድለት ይሆናል። ከዚያም በላይ የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ቅባት ስለሆነ፣ ቤንዚን ከገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። ልጁ መካኒክ ጠራ፤ ሰልባትዮውን አራግፈው፣ ማጣሪያውን ቀይረው ናፍጣ ሞሉበት። ሞተሩ ስላልተነሣ ፓምፑ ጋ የደረሰ ቤንዚን አልነበረም። መኪናው በማግስቱ ወደ መስክ ወጣ።